ጄኒፈር ትንፋሿን ስትሰበስብ

በ1995 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የጌም ማጫወቻ በወጣው «ክሎክ ታወር» የተሰኘ አስፈሪ ጌም ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ቅጽበት አለ። ወላጆቿን ያጣችው ወጣቷ ጄኒፈር ሲምፕሰን ግዙፍ መቀስ ከያዘው አሳዳጇ ለጥቂት አምልጣ ወደ አንድ ክፍል ትገባለች። አሳዳጁ ዱካዋን ሲያጣ ሙዚቃው ይቋረጣል፤ ቤቱም ወደ ቀድሞው ጸጥታው ይመለሳል። በስክሪኑ ግርጌ የሚታየው የፊቷ ምስል ግን መደቡ ገና እንደቀላ ነው። ቀይ ማለት አቅሟ ተሟጥጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ሆና ሳለች አሳዳጁ ዳግም ብቅ ቢል የማምለጥ ዕድሏ የመነመነ ይሆናል። ስለዚህ ተጫዋቹ በዚያ ሰዓት ሊያደርግላት የሚችለው ነገር ቢኖር ምንም አለማድረግ ነው። ጣቶቹን ከኮንትሮለሩ ላይ አንስቶ፣ ጄኒፈር ባለችበት አርፋ ትንፋሿን እስክትሰበስብ፣ የምስሉ መደብም ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ እስኪመለስ ድረስ መጠበቅ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወተው ይህ መጠበቅ ምን ያህል እንደከበደኝ አልረሳውም። እስከዚያ ድረስ የለመድኳቸው ጌሞች እጅን ሥራ የማያስፈቱ ነበሩ፤ አንድ ነገር ሲያስደነግጠኝ እተኩሳለሁ፣ እዘላለሁ፣ ሸሽቼ አመልጣለሁ። እዚህ ግን የአንዲት ልጅ ድካም እጄን አሰረው። መድከሟን የነገረኝ ተራኪ አልነበረም፤ ሳያስፈልግ በየኮሪደሩ እያስሮጥኩ ያደከምኳት እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ውጤቱንም አብሬያት ቁጭ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአስፈሪ ጌሞች ዘውግ ያሉ ሴት ገጸ ባሕርያትን ሁሉ የምመዝነው፣ ሳላስበው ቢሆንም፣ በዚያች ክፍል ውስጥ በተሰማኝ ስሜት ነው።

«ለምን እንዲህ አቅመ ቢስ አደረጓት? ለምን ዞር ብላ አትመታውም?» ሲል አንድ ወዳጄ ስጫወት አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ጠይቆኝ ነበር። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ጥያቄው በውስጡ ሁለት ጥያቄ እንደያዘ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንደኛው ስለ ዘውጉ ነው። ሰርቫይቫል ሆረር የሚባለው የጌም ዓይነት የቆመው በእጥረት ላይ ስለሆነ ጥይቱ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ጥቂት፣ ጠላቱ ደግሞ ከተጫዋቹ የበረታ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ፍርሃቱ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አያልፍም። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ይህን አቅም ማጣት እንድትሸከም ደጋግማ የምትመረጠው ስለ ምን ወጣት ሴት ሆነች?

ሴትን ደካማ አድርጎ የማየት የቆየ ልማድ ነው የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ እውነትነትም አለው። የጄኒፈር መልክና ስም እንኳን የተቀዳው በ1980ዎቹ በወጣ የጣሊያን ሆረር ፊልም ላይ ከተወነች ወጣት ነው፤ የምትሸሽ ሴትን ከኋላ እየተከተለ የሚቀርጽ ካሜራ ወደ ጌም የገባው ከሲኒማ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ብቻውን ጌሞቹን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል፤ እኔ ደግሞ በመካከላቸው የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አያለሁ። አንዳንዶቹ የገጸ ባሕርይዋን አቅም ማጣት በተጫዋቹ እጅ ውስጥ ያኖሩታል፤ ሌሎቹ በዓይኑ ፊት ዘርግተው ያሳዩታል። የመጀመሪያው ዓይነት ሲገጥመኝ ከእሷ ጋር ሆኜ እፈራለሁ፤ ሁለተኛው ሲገጥመኝ ግን እሷ ስትፈራ እንዳይ የተጋበዝኩ ሰው እሆናለሁ።

ደካማነት በጌም ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥር መሆኑን ለማየት የ1996ቱን «ሬዚደንት ኢቭል» ማስታወስ ይበቃል። ተጫዋቹ ከጂል ቫለንታይንና ከክሪስ ሬድፊልድ አንዳቸውን ይመርጣል። ክሪስ ጉዳት ይችላል፤ ዕቃ የሚይዝበት ቦታ ግን ስድስት ብቻ ነው። ጂል ቶሎ ትጎዳለች፤ ነገር ግን ስምንት ዕቃ ትይዛለች፣ የተቆለፉ በሮችንና መሳቢያዎችን የምትከፍትበት መሣሪያም አላት። በታሪኩ ውስጥ ባሪ የተባለው ባልደረባዋ ጣሪያው እየወረደ ሊጨፈልቃት ሲል ደርሶ ያወጣታል። በዚህም የተነሳ የጂል መንገድ ለጀማሪ የሚመከር ቀላሉ መንገድ ሆኖ ቀረ። ሴቷን መምረጥ ማለት እርዳታ መምረጥ ማለት መሆኑ ትንሽ ቅር ያሰኘኛል፤ ሆኖም ጂል ራሷ የሠለጠነች ፖሊስ ናት፣ ሥራዋንም ታውቃለች፣ ካሜራውም ከክሪስ ለይቶ አያያትም። ስለዚህ በእሷ ላይ ብዙ አልቆይም።

ብዙ የምቆየው በፊዮና ላይ ነው። ካፕኮም በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ባወጣውና በጃፓን «ዴሜንቶ»፣ በሌላው ዓለም «ሆንቲንግ ግራውንድ» በተባለው ጌም ውስጥ ፊዮና ቤሊ ከወላጆቿ ጋር ሳለች ከደረሰ የመኪና አደጋ በኋላ በማታውቀው ጥንታዊ ግንብ ምድር ቤት፣ በብረት ፍርግርግ ተዘግቶባት፣ በአንሶላ ብቻ ተጠቅልላ ትነቃለች። መሣሪያ የላትም ማለት ይቻላል፤ በእግሯ ትራገጣለች፣ በትከሻዋ ትገፋለች፣ ሁለቱም አሳዳጆቿን ለአፍታ ከማዘግየት በላይ አይፈይዱም። ፍርሃቷ ሲያይል ስክሪኑ ቀለሙን እያጣ ይደበዝዛል፣ ኮንትሮለሩ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ፊዮና ከተጫዋቹ ቁጥጥር ወጥታ በራሷ መሮጥ ትጀምራለች። ግራ ስላት ቀኝ ትሄዳለች፤ ከግድግዳ ጋር ትላተማለች፤ ተደናቅፋ ትወድቃለች፤ ከቦርሳዋ ማረጋጊያ አውጥቼ ልስጣት ብል እንኳን አይቻልም።

ጉልበት ይከዳል የሚባለውን ነገር እንደዚህ በትክክል ያሳየኝ ጌም አላውቅም። ድንጋጤ ሲበረታ ሰውነት የባለቤቱን ትእዛዝ መስማት ያቆማል፤ ጌሙም ይህንኑ ያደርጋል፣ ትእዛዜን መስማት ያቆማል። ከዚህ ሁኔታ የሚያወጣት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሂዊ ነው፤ በግንቡ ግቢ ታስሮ አግኝታ የምትፈታው ነጭ ውሻ። ሂዊ ሲጠሩት ይመጣል፣ ተናከስ ሲሉት ይናከሳል፣ ግን ይህን የሚያደርገው ፊዮና ስታመሰግነው፣ ሲያጠፋ ስትገሥጸው፣ ሳትበድለው ከቆየች ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከአሳዳጅ ጋር ተፋጥጠን ሳለን ጠርቼው ሳይመጣ ቀርቶ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ሳስበው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለራሴ ጉዳይ ከማዘዝ በቀር አንዴም ጎንበስ ብዬ አላሻሸሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰላም ባለበት ክፍል ሁሉ ቆም እያልኩ አመሰግነው ጀመር። ጉልበት የሌላት ሴት በፍቅርና በትዕግሥት ጉልበት ስታበጅ ማየት፣ እሱንም በገዛ ጣቶቼ ማድረግ፣ ይህ ጌም ያለው ትልቁ ሀብት ነው።

ነገር ግን ይህንኑ ጌም ስለምወደው ጥፋቱን መሸፈን አልፈልግም። ካሜራው ፊዮናን የሚያይበት መንገድ ጨዋ አይደለም። ያለበሷት ልብስ ለመሸሽ የታሰበ ሳይሆን ለመታየት የታሰበ ነው፤ በየመካከሉ በሚመጡት ትዕይንቶችም ምስሉ ፊቷ ላይ መሆን ሲገባው ሰውነቷ ላይ ይዘገያል። ይህ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ከሚናገረው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለዚሁ ነገር ነው። የአእምሮ ዕድገቱ የሕፃን የሆነው ግዙፉ ዴቢሊታስ ፊዮናን አሻንጉሊት አድርጎ ያያታል። ሥቃይም ደስታም የማይሰማት አገልጋይዋ ዳኒዬላ የሚሰማ ሰውነት ስላላት ትቀናባታለች። ሌላው አሳዳጇ ሪካርዶ በማሕፀኗ በኩል ዳግም መወለድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው አሳዳጇ ሎሬንዞ ደግሞ በውስጧ አለ የሚለውን «አዞት» የተባለ የሕይወት ኃይል ይመኛል። አንዳቸውም ፊዮና የምትባል ሰው አይፈልጉም፤ ሁሉም የሚፈልጉት ሥጋዋን ነው። ጌሙ እነዚህን ሰዎች አውግዞ ሲያበቃ በካሜራው ከእነሱ ጎን ይቆማል። ስትያዝ ግን ስክሪኑ ይጨልምና ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ስለሌለ ትርኢቱ ያከትማል፤ ለእኔ ከጌሙ ሁሉ የከበደው ያ ጨለማ ነው።

ስለ መታየት በእውነት ያሰበ ጌም እንዲጠቀስ ከተፈለገ ኮናሚ በ2003 ያወጣውን «ሳይለንት ሂል 3» እጠቅሳለሁ። ሄዘር የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ሽጉጥ ትተኩሳለች፣ በብረት ዘንግ ትማታለች፣ አፏም ስል ነው። በችሎታ ከተመዘነች ከጄኒፈርና ከፊዮና ጋር የምትሰለፍ አይደለችም። እኔ ግን ከእነሱ ጎን አስቀምጣታለሁ፣ ምክንያቱም ጌሙ የሚጀምርበት ማስፈራሪያ ጭራቅ አይደለም። በገበያ ማዕከሉ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፋ የማታውቀው ሰው ጠጋ ብሎ ላነጋግርሽ ይላታል። መርማሪ ነኝ ይላል። ሄዘር አትፈልግም፤ እሱ አይተዋትም፤ ስለዚህ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ትገባለች፣ እሱ ሊከተላት የማይችልበት ቦታ እሱ ብቻ ነውና፤ ከዚያም በመስኮት ሾልካ ትወጣለች። ይህን ትዕይንት ሳየው ሴት ተጫዋች በመሆኔ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ማንም ሳያስተምረን የምናውቀው መንገድ ነው፦ በሩን ማየት፣ ሰው የበዛበትን ቦታ መለየት፣ ሌላ መውጫ መፈለግ። ሰውዬው ዳግላስ በኋላ ክፉ ሰው አለመሆኑ ይገለጣል፤ ቢሆንም በዚያች ደቂቃ ሄዘር ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ ጌሙም መፍራቷን እንደ ስሕተት አይቆጥርባትም።

በሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ ስታንሊ ኮልማን የሚባል ሰው የጻፋቸው ማስታወሻዎች ለሄዘር ተትተው ይገኛሉ። አይታው አታውቅም፤ እሱ ግን ስለ ፍቅሩ ይጽፍላታል፣ የሷ እንደሆነና የሱ እንደሆነች እርግጠኛ ነው፣ አሻንጉሊትም ትቶላታል። አንድም ጊዜ ዘሎ አይይዛትም። ወረቀቱን አንብቤ ወደ ኮሪደሩ ስመለስ ጭራቆቹን ረስቼ የማየው በሮቹን ነበር። በዚያው ሕንፃ መስታወት ያለበት አንድ ክፍል አለ፤ ሄዘር ገብታ ስትቆም በመስታወቱ ውስጥ ደም እየተስፋፋ ይመጣል፣ ነጸብራቋም መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ፈጥና ካልወጣች ትሞታለች። ሄዘር መስታወት እንደማትወድ ቀደም ብላ ተናግራ ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የገዛ ምስሏ አልታዘዝ ብሏት ስታየው ንግግሯ ትርጉም ያገኛል። ሰውነቷን ሌሎች ለገዛ ዓላማቸው የሚፈልጉት መሆኑ ከፊዮና ታሪክ ጋር ያመሳስለዋል፤ በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ የሃይማኖት ቡድን አምላኩ በእሷ ውስጥ አድጎ እንዲወለድ ይፈልጋል። ልዩነቱ ካሜራው የሄዘርን ወገን ይዞ መቆየቱ ነው። ልብሷ የአንዲት ተራ ልጅ ልብስ ነው፤ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት፣ ፊቷ ላይ ያለው ድካም ሳይቀር ይታያል።

«ሩል ኦቭ ሮዝ» በ2006 ሲወጣ የገጠመው ነገር ከጌሙ ይልቅ ጎልቶ መታወሱ ያሳዝነኛል። በአውሮፓ ጌሙን ሳያዩ በተናገሩ ፖለቲከኞችና በጋዜጦች ጩኸት ምክንያት በብሪታንያ ሊወጣ የነበረው ቅጂ ተሰረዘ። ጌሙ የሚናገረው በ1930 በእንግሊዝ ስላለች ጄኒፈር ስለምትባል ሌላ ወጣትና እሷን ስለሚያሠቃዩ የልጃገረዶች ማኅበር ነው። ከሌሎቹ የሚለየው የዚህች ጄኒፈር ደካማነት ከጉልበት ማነስ አለመሆኑ ነው፤ የሚያሠቃዩዋት ልጆች ናቸው፣ ብትፈልግ ገፍታቸው ልትሄድ ትችላለች። ግን ትታዘዛለች። አንገቷን ደፍታ የተባለችውን ትፈጽማለች፣ እምቢ የምትልበት ቁልፍም ለተጫዋቹ አልተሰጠውም። ፍልሚያው የተንቀራፈፈና የሚያሰለች መሆኑን የሚነቅፉት ትክክል ናቸው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተማርሬበታለሁ፤ ነገር ግን መሸነፍን ስለለመደች ልጅ የሚናገር ጌም በቅልጥፍና ብትዋጋ ኖሮ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ባላመንኩት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የመታየት ጣጣ ለመውጣት አንዳንድ አዘጋጆች ካሜራውን ወደ ገጸ ባሕርይዋ ዓይን አስገብተውታል። በ2014 በወጣው «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» አማንዳ ሪፕሊ የእናቷን መርከብ የበረራ መቅጃ ፍለጋ ሴቫስቶፖል ወደተባለ የጠፈር ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ የሚያሳድዳት ባዕድ ፍጡር በምንም መሣሪያ አይሞትም። እንቅስቃሴ ጠቋሚ መሣሪያዋ አቅጣጫውን ይነግራታል፣ ነገር ግን የመሣሪያው ድምፅ ፍጡሩን ሊጠራው ይችላል፤ ሎከር ውስጥ ስትደበቅ ወደ ኋላ ተለጥጣ ትንፋሿን መያዝ አለባት። ጨዋታውን ለማስቀመጥ እንኳን ካርድ አስገብቶ ሦስቱ መብራቶች ተራ በተራ እስኪበሩ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛውን መብራት ስጠብቅ እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር። አማንዳን የማያት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። መሐንዲስ ናት፣ ሽቦና ቫልቭ ታውቃለች፣ አቅም ያጣችውም ሴት ስለሆነች አይደለም፤ በዚያ ጣቢያ ማንም ሰው አቅም የለውም። በ2020 የወጣው «አምኔዥያ፦ ሪበርዝ» ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። በ1937 በአልጄሪያ በረሃ አውሮፕላኗ የወደቀባት ታሲ ትሪያኖን ነፍሰ ጡር ናት፤ ፍርሃቷ ሲጨምር ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሆዷን እንድትዳስስ ማድረግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትረጋጋለች። የፊዮናን ሰውነት ሌሎች ይመኙታል፣ የሄዘርን ሌሎች ለራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ የታሲን ሰውነት ግን የምትነካው ራሷ ታሲ ናት፣ በገዛ እጇ፣ ለገዛ ልጇ።

ለወዳጄ ዛሬ መልስ ብሰጠው ግን የማስቀድመው በ2003 የወጣውን ሁለተኛውን «ፌታል ፍሬም» ነው። በዚህ ተከታታይ ጌም መሣሪያው ካሜራ ነው፤ ሽጉጥ የለም፣ ጩቤ የለም። መናፍስቱን የሚጎዳቸው ፎቶ ማንሳት ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት የሚደርሰው መንፈሱ እጁን ዘርግቶ ሊይዝ በሚወረወርባት ቅጽበት ሲነሳ ነው። ስለዚህ የምትፈራው ልጅ ዓይኗን ከምትፈራው ነገር ላይ ሳትነቅል፣ ፊቱ የካሜራውን መስኮት እስኪሞላው ድረስ መቆም አለባት። በሌሎቹ ጌሞች የምትታየው ሴት እዚህ የምታይ ሆነች፤ የማየት ሥልጣኑ በእሷ እጅ ገባ፣ ዋጋውም መቅረብ ነው።

ሁለተኛው ጌም መንታ እኅትማማቾቹን ሚዮንና ማዩን ከካርታ በጠፋች መንደር ውስጥ ያስገባቸዋል። በመንደሩ የቆየ ሥርዓት አለ፤ ከመንታዎች አንዷ ሌላዋን አንቃ እንድትገድል የሚጠይቅ። ተጫዋቹ ሚዮን ይዞ ይጓዛል፤ ማዩ ከኋላ ትከተላለች። ማዩ ታነክሳለች። ልጆች ሳሉ ሚዮ ወደ ፊት ስትሮጥ ማዩ እደርስባታለሁ ብላ ስትከተላት ወድቃ ነው እግሯ የተጎዳው፤ ሚዮም ይህን ጥፋት ዕድሜ ልኳን ተሸክማዋለች።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የመሮጫው ቁልፍ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ጨለማ በዋጠው ቤት ውስጥ ወለሉ ከኋላዬ ሲንቋቋ ደመ ነፍሴ ሩጪ ይለኛል፤ ቁልፉን ስጫነው ሚዮ ትሮጣለች፣ የማዩ ያልተስተካከለ ኮቴ ግን እየራቀ ይሄዳል። ካሜራውን ወደ ኋላ ሳዞር በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ትንሽ ልጅ አንድ እግሯን እየጎተተች ትመጣለች። አታማርርም፣ ጠብቂኝ አትልም። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳለሁ፤ ከየትኛው በር ምን እንደሚወጣ ባላውቅም፣ ማዩ አጠገቤ እስክትደርስ ቆሜ እጠብቃታለሁ።